መብራት ሲጠፋ የምታማስለው ውሃ

ጥሩወርቅ ጠዋት ጠዋት ከራሷ ቁርስ የዓሦቹን ታስቀድማለች። የሳሎኑን ግማሽ የያዘውን የመስታወት ገንዳ ትወለውላለች፣ የተነነውን ያህል ጨው የሌለው ውሃ ትሞላለች፣ ከዚያ ወንበር ስባ ኮራሎቹ፣ አበባ የሚመስሉት የባሕር ፍጥረታት፣ አንድ በአንድ እስኪፈኩ ታያለች። መርከበኛው ባሏ ታምራየሁ ሲሄድ ያስተማራት ይህንን ነው። "ውሃው እንጂ ጨው አይተንም፤ ጨው እንዳትጨምሪ። መብራት ከጠፋ ደግሞ ፓምፑ ስለሚቆም፣ አየር እንዲያገኙ በእጅሽ አማስዪው" ብሏት ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ከመርከብ ወደ ባሕር ወደቀ የሚል መርዶ መጣ፤ አስከሬን ግን አልመጣም።

እሷም ድንኳን አላስተከለችም። "አስከሬን ሳላይ አላለቅስም" ብላ ከዘመድ ተቆራረጠች። የባሏ እህት እማዋይሽ ብቻ እየመጣች በር ላይ ቆማ ትነዘንዛታለች።

"እህት ዓለም፣ እርምሽን አውጪ እንጂ! ወንድሜን በዓሣ ገንዳ ነው የምትጠብቂው?"

"እነሱ እስካሉ ይመጣል" ትላለች ጥሩወርቅ። ለማንም አልነገረችም እንጂ ማመኑ ለራሷም ከብዷት ነበር። መረረኝ አትልም፤ ግን መሯታል።

በክረምት አንድ ምሽት መብራት ጠፋ። ሲያጉረመርም የሚውለው ፓምፕ ቀጥ ሲል ቤቱ ጭር አለ። እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን እስከ ክርኗ ነከረች፤ ውሃው ለብ ያለ ነው፣ ጨውና የረጠበ ድንጋይ ይሸታል። ስታማስል፣ ስታማስል፣ አንድ ነገር ነካት። ዓሣ መስሏት አልሸሸችም። ከዚያ ሰፋፊ፣ ቀዝቃዛ የወንድ ጣቶች በጣቶቿ መካከል ገብተው ያዟት። መጮኽ ነበረባት። ግን ስንት ወር ሙሉ ማንም እጇን አልያዛትም፤ እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ "መጣህ?" አለች። መብራቱ ሲመለስ ገንዳው ውስጥ ከዓሦቹ በቀር ምንም የለም። መዳፏ ላይ ግን ነጭ ጨው ደርቋል።

ከዚያ ወዲያ መብራት እስኪጠፋ መጠበቁን ተወች፤ አመሻሽ ላይ ራሷ ቆጣሪውን ታጠፋለች። ማማሰሉንም ረስታ እጇን ሰጥታ ትቀመጣለች። ዓሦቹ አየር እያጠራቸው አንድ በአንድ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈፉ፣ ኮራሎቹ አመድ መሰሉ፣ ሽታው ደረጃውን ሲወርድ ጎረቤት አፍንጫውን ይዞ ማለፍ ጀመረ። እሷ ምን ገዷት! ውሃው መጉደል ትቷል፤ ሳትሞላው ጠዋት ጠዋት እስከ አፉ ሞልቶ ታገኘዋለች። የመጨረሻው ዓሣ በሞተ ዕለት ለእማዋይሽ "ወንድምሽ ቤቱ ገብቷል" አለቻት። እማዋይሽ አማትባ ደረጃውን ወረደች።

በዚያው ምሽት በጨለማው እጅ ለእጅ ተያይዘው ሳሉ ስልኳ ጠራ። የማታውቀው ቁጥር ነው። ባልተያዘው እጇ አነሳችው።

"ጥሩዬ፣ እኔ ነኝ! ዓሣ አጥማጆች ከባሕር አውጥተውኝ፣ ወረቀት የለህም ተብዬ ሰው አገር እስር ቤት ከርሜ ዛሬ ገና ፈቱኝ። አለሁልሽ። እየሰማሽኝ ነው? ዓሦቹስ ደህና ናቸው?"

ድምፁ የታምራየሁ ነው፤ ሲቸኩል ቃል የሚውጠው ሳይቀር የእሱ ነው። ጥሩወርቅ ልትመልስ አፏን ከፈተች፣ እጇንም ልትስብ ሞከረች፤ ውሃው ውስጥ ያለው እጅ ግን አጥብቆ እንደያዛት፣ ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ የጋብቻ ቀለበቷን ከጣቷ እያወለቀ ነበር።