ካፒቴኑ የተጣራበት ቀን

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንግባባ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ አምኜ አላውቅም፣ የሞተ ሰው ታየኝ የሚል ሲያጋጥመኝ በአክብሮት ሰምቼው ዞር ሲል የምስቅ ሰው ነኝ፣ ያደግሁትም ጴንጤ ቤት ነው፣ እናቴ የሞተ ሰው ጌታ ዘንድ እንጂ ኮሪደር ላይ አይገኝም እያለች ነው ያሳደገችኝ። አሁንም ቢሆን ያየሁትን እነግራችኋለሁ እንጂ አምናለሁ አላልኩም። ማመንና መስማት ይለያያል፣ እኔ የሰማሁትን ነው የማወራው።

ደግሞ እንጀራዬ ራሱ ማስፈራራት ነው። ፒያሳ፣ ከውቤ በረሃ ከፍ ብሎ፣ ዙሪያው ሁሉ ፈርሶ ብቻውን በቀረ አሮጌ ፎቅ ላይ ትንሽ ስቱዲዮ አለችን፣ እዚያ የውጭ አገር ተከታታይ ድራማ በአማርኛ ድምፅ እንሰጣለን። አሁን የያዝነው በከዋክብት መሃል መንገድ ስለጠፋባት መርከብ ነው። ተመልካቾች እንቅልፍ ነሳችሁን እያሉ ይደውሉልናል፣ እውነታቸውን ነው፣ አንዱ ክፍል ላይ አየር እንኳ ከሌለበት ከመርከቧ ውጭ የሆነ ሰው በሩን ያንኳኳል፣ ሌላው ላይ ሠራተኞቹ ከእንቅልፍ ሲነሱ ራሳቸውን ገና ተኝተው ያገኙታል። እኔ ግን በሩ ሲንኳኳ የማስበው ቃሌ ድምፅ ከምሰጣት ሴትዮ ከንፈር ጋር ገጠመ ወይ የሚለውን ብቻ ነው፣ እረፍት ላይ ፓስቲዬን በልቼ፣ ቤቴ ገብቼ፣ ለጥ ብዬ እተኛለሁ።

ወደዚህ ሥራ ያስገባኝ ጋሼ ንጉሴ ነው፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም። አባቴ ጥሎን ከሄደ በኋላ ያሳደገኝም፣ ያስተማረኝም፣ ሲያስፈልግ የተቆጣኝም እሱ ነው፣ ድራማው ላይ እሱ የመርከቧ ካፒቴን ነው፣ እኔ ምክትሉ ነኝ። ሌላ ቦታ ሁሉም በየተራው ለብቻው ገብቶ ነው የሚቀዳው፣ ጋሼ ግን ከባዶ ክፍል ጋር አላወራም ብሎ የስቱዲዮውን ባለቤት አስቸግሮ ሁለት ጠባብ ክፍሎች ጎን ለጎን አሠራ፣ መሃላቸው መስታወት አለ፣ እየተያየን እንነጋገራለን። የተጻፈለትንም አያከብርም፣ ከአፉ የመጣለትን ይጨምርበታል፣ እኔም ሳላስበው እመልስለታለሁ፣ እመኑኝ ከተቀዳው ግማሹ ቤታችን ምሳ ላይ የምናወራው ዓይነት ነው።

ያን ቀን ሐምሌ ነው፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበው። ጋሼ ተጣልተው የቆዩ ዘመዶች ሊያስታርቅ ቡታጅራ ሄዶ ነበር፣ ስለዚህ የሱን ቦታ ባዶ እየተውኩ የኔን ብቻ ልቀዳ ነው የገባሁት፣ እሱ ሲመለስ ይሞላዋል። የዕለቱ የድራማ ክፍል ከሁሉም የከፋው ነው። ካፒቴኑ አንዲት ጨለማ ጨረቃ ላይ ወርዶ ይሞታል፣ ከሞተ በኋላ ግን ድምፁ በሬዲዮ ይመጣል፣ ሠራተኞቹን በየስማቸው እየጠራ ኑ ይላቸዋል፣ የመለሰለት ሁሉ ተነስቶ ይሄዳል፣ የሄደ አይመለስም። እኔ የምጫወታት ሴት ብቻ እስከ መጨረሻው ሳትመልስለት ሬዲዮውን ትዘጋዋለች፣ ያዳናትም ዝም ማለቷ ነው።

ድምፅ የሚቀዳልን ሳሚ ይባላል፣ የልጅ አባት የሆነ፣ ቀልዱ የማያልቅ የሠፈራችን ሰው ነው፣ ያን ቀን ግን አንድም ቃል አይወጣውም። ሳልጠይቀው ማኪያቶ አመጣልኝ። ስልኬን ማይኩን ይረብሻል ብሎ ተቀበለኝ፣ ከዚያ በፊት ረብሾት አያውቅም። ቀና ብሎ አያየኝም። ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ጀመርን። የኔን ዓረፍተ ነገር ብዬ ለካፒቴኑ ባዶ ቦታ ስተው፣ በማዳመጫዬ የጋሼ ድምፅ መጣ። አልደነገጥኩም፣ ምን ያስደነግጠኛል፣ ባለፈው ሳምንት ስንለማመድ የቀዳነውን ሳሚ አስገብቶልኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ እንጂ፣ ባዶ ቦታ ላይ መጫወት ከባድ ነው። ቀጠልን፣ እኔ እላለሁ፣ እሱ ይላል። ከጎኔ ካለችው ክፍል ወንበሩ ሲጢጥ ሲል ሰማሁ፣ ጋሼ ሁልጊዜ ከመናገሩ በፊት ወንበሩን ወደፊት ይስባል፣ መብራቷ ግን ጠፍቷል፣ መስታወቱም በጋሼ ክፍል በኩል ጉም ይዟል፣ ልክ ሰው የተነፈሰበት ይመስል። ቅዝቃዜው ነው አልኩ። ምን ልበል ታዲያ።

ከዚያ መጨረሻው ደረሰ። ካፒቴኑ «ምክትሌ፣ ይሰማሻል?» ብሎ ለመጨረሻ ጊዜ የሚጣራበት ነው፣ እኔ ዝም ማለት አለብኝ። በማዳመጫው የመጣው ግን ሌላ ነው።

«ማርቲዬ፣ እዚህ ብቻዬን ነኝ። ነይ።»

ማርታ ነው ስሜ። ማርቲዬ የሚለኝ እሱ ብቻ ነው። አፌ ከኔ ቀደመ።

«መጣሁ ጋሼ።»

ብዬ ሳቅሁ፣ እንደገና እንቅዳው፣ ጋሼ አሳሳተኝ አልኩ።  ቀና ስል ሳሚ በሁለት እጁ አፉን ይዞ ያለቅሳል። ምን ሆነህ ነው አልኩት፣ ጥርሴን አሞኝ ነው አለ፣ መሣሪያውን አጠፋፍቶ፣ ባትሪው ያለቀ ስልኬን ሰጥቶኝ፣ ታክሲ ውስጥ አስገብቶኝ አምስት ኪሎ እስከ ቤቴ በር ድረስ ሸኘኝ። ለጥርስ ሕመም በዛ ብዬ እየሳቅሁ ገባሁ።

በነጋታው ገና ሳይነጋ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት የጎረቤት ሽማግሌዎች፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች፣ የቡታጅራ ዘመዶች፣ ከኋላ ሳሚ ቆመዋል። እንዲህ ተሰብስቦ በንጋት የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ የለም። እማዬ ጮኸች። ጋሼ ንጉሴ ትናንት ረፋዱ ላይ፣ ዘመዶቹን አስታርቆ እንደተቀመጠ፣ ልቡ ቀጥ ብሎ ነበር። ለእማዬና ለኔ መርዶው እንደ ወጉ በጠዋት፣ ሰው ባለበት ይነገር ተብሎ፣ ሳሚ እስኪመሽ ሥራ ላይ እንዲያቆየኝ ደውለው አደራ ብለውት ኖሯል። ትናንት ከሰዓት ከጋሼ ጋር አብረን ስንሠራ ነበር አልኳቸው። ሐዘን ያናገረኝ መስሏቸው ደግፈው አስቀመጡኝ።

አሁን ሳሚን አስቡት። በኋላ እንደነገረኝ ምንም አላስገባልኝም ነበር። የሞተ ሰው ድምፅ በጆሮው እየሰማ፣ መሞቱንም እያወቀ፣ አደራ ስላለበት ቁጭ ብሎ ቀዳው። ይህን ሳስብ ከኔ ይልቅ እሱ ያሳዝነኛል።

ከሠልስቱ በኋላ የተቀዳውን አዳመጥነው። አለ። ጥርት ብሎ አለ፣ የኔም መጣሁ አለ። የልምምዱንም አገላበጥነው፣ እነዚያ ቃላት የሉበትም። ሳሚ ድምፁ ይጥፋ አለ፣ ባለቤቱ በሌላ ሰው ድምፅ እንቅዳው አለ። ፓስተራችን ደግሞ እሱ አይደለም፣ የሱን ድምፅ የለበሰ ነገር ነው አሉ። እማዬ የድራማውም የድምፁም ጉዳይ አልነበራትም፣ የያዛት ያች ቃል ናት። እመጣለሁ ብለሽዋል፣ ወንድሜን ቀብሬ አንቺን አልቀብርም፣ ሻሪው አለችኝ፣ እህል መቅመስ አቆመች። እኔ ለሁሉም አንድ መልስ ነበረኝ፣ አላጠፋውም። ያሳደገኝ ሰው የመጨረሻ ድምፁ ነው፣ ማንም ፈራሁ ብሎ እጁን አያሳርፍበትም፣ ማጥፋት የፈለገ መጀመሪያ እኔን ከስቱዲዮው ያስወጣኝ አልኩ። ባለቤቱ እሺ፣ ይቆይ አለ። የእማዬን አለመብላት ግን ማየት አልቻልኩም።

ስለዚህ ተመልሼ ሄድኩ። ጠራራ ፀሐይ ነው፣ ሳሚ ማሽኑን ከፍቶልኝ አልገባም ብሎ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ገባሁ፣ ማዳመጫውን አደረግሁ፣ የጋሼን ክፍል መብራት ሆን ብዬ አብርቼዋለሁ፣ ወንበሩ ባዶ ነው፣ በደንብ አየሁት። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፣ እሱ እንደዚያ አላስተማረኝም።

«ጋሼ፣ አልመጣም። እማዬ አለች፣ ሥራዬ አለ፣ ገና ነኝ። ያልኩህን መልሻለሁ።»

 ማዳመጫውን ላወልቅ እጄን ሳነሳ ወንበሩ ወደኋላ ሲገፋ ሰማሁ፣ ሰው ከተቀመጠበት ሲነሳ እንደሚገፋው፣ ከዚያ ድምፁ መጣ፣ ምንም አልተቀየመም፣ እንዲያውም ፈገግ ያለበት ድምፅ ነው።

«ይሁን ማርቲዬ። እንግዲያው እኔ እመጣለሁ።»

ለእማዬ ቃሌን ሽሬዋለሁ አልኳት፣ አልዋሸሁም፣ የቀረውን ግን አልነገርኳትም፣ እህል መቅመስ ጀምራለች። ማታ ማታ በሩን ቀርቅራ፣ ጸልያ ትተኛለች። እኔ ደግሞ እሷ ስትተኛ እነሳና መቀርቀሪያውን አወጣዋለሁ። እሱ ከሆነ ቤቱ ነው፣ እህቱ ቤት በር ላይ አይቆምም። ድምፁን የለበሰ ሌላ ነገር ከሆነም ፊት ለፊት ይምጣና ይየኝ፣ ፊቱን ሳላየው አልፈራውም።

ትናንት እንደ ልማዴ ልከፍተው ተነሳሁ። እማዬ ስትቀረቅረው በዓይኔ አይቻለሁ፣ ከዚያ ወዲህ ከአልጋዋ አልወረደችም። መቀርቀሪያው ወጥቶ ነበር፣ በሩም ገርበብ ብሏል።

መልሼ አልዘጋሁትም።