ሦስተኛውን ወንዝ ፍለጋ

«ልትጎበኝ አይደለም የመጣችው፣ ልትቀር ነው!» አለ የማኤሊ ጓደኛ ሎይክ። ከትናንት ጀምሮ አራተኛ ጊዜው ነበር። «እናቴ የእንጀራ እናትሽ መሥሪያ ቤት ሰምታ ነው። ክፍልሽን ለሁለት ይገምሱልሻል፣ እሜቴ!»

«አፍህን ዝጋ» አለችው ማኤሊ። ሎይክ ግን አፉን ለመዝጋት የተፈጠረ ልጅ አልነበረም።

ወሬው ከምሳ በፊት ሥራውን ሠርቶ ነበር። የእንጀራ እናቷ ልጅ ኦሪያን ከሩቅ የባሕር ጠረፍ፣ ከአያቷ ቤት የመጣችው ለሦስት ቀን ነው ተብሏል። ለሦስት ቀን የመጣ ሰው ግን ስለ ትምህርት ቤት ይጠይቃል? እሷ ጠይቃለች። ቀጥላም «የከተማችሁ ስም፣ ትሯ ሪቪዬር ማለት ሦስት ወንዞች አይደል? ሦስተኛው የታል?» አለች።

ማኤሊ ሳቋን ዋጠች። የከተማዋ ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ ወንዙ ሁለት ብቻ ነው። ትንሹ ከትልቁ ጋር ሊገናኝ ሲል ደሴቶች ለሦስት ይከፍሉታል። ድሮ በጀልባ ያለፈ አንድ ሰው ሦስት ወንዝ መስሎት ሰየመው፤ ስሕተቱም ስም ሆኖ ቀረ።

«ከድልድዩ ማዶ ካለው ደሴት ጀርባ ነው። ዛፎቹን አልፈሽ እስከ ጫፉ ሂጂ» አለቻት። «ሦስቱንም ያላየ እዚህ እንደ ሰው አይቆጠርም።»

አሁን አስር ሰዓት ሊሆን ነው፤ ኅዳር ደግሞ ብርሃን አያበድርም። ኦሪያን አልተመለሰችም። ስልኳ አልጋው ላይ ቀርቷል።

«ትመጣለች ባክሽ» አለ ሎይክ። «ካልሆነም ዓሣ ትሆናለች።»

ማኤሊ አልሳቀችም። ብስክሌቷ ላይ ወጣች።

ድልድዩን ስታቋርጥ እርጥብ በረዶ ፊቷን ይመታት ጀመር። ደሴቱ ላይ ሰው የለም። ጫፉ ጋ ስትደርስ ወደ ውኃው የወደቀ ግንድ አየች፤ ግንዱ ላይ ኦሪያን ቅርንጫፍ አቅፋ ተንጠልጥላለች፣ እግሮቿ እስከ ጉልበት ውኃ ውስጥ።

«እንዳትንቀሳቀሺ!»

«ብፈልግስ እችላለሁ?» አለች ኦሪያን፤ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል።

ማኤሊ በደረቷ ተኛች። የኋላ ጎማውን ይዛ ብስክሌቱን በግንዱ ላይ ገፋችላት። ኦሪያን መሪውን ጨበጠች። ግንዱ ተንቋቋ። ማኤሊ ጎተተች፤ ክንዷ የሚገነጠል እስኪመስላት ጎተተች። ሁለቱም ጭቃው ላይ ወደቁ።

«አጣሁት» አለች ኦሪያን፣ ትንፋሿ ሲመለስ። «ሦስተኛውን።»

«የለም። ዋሽቼሽ ነው።»

ኦሪያን ጫማዋን አውልቃ ውኃውን ደፋች። «ለአባትሽ አዳልጦኝ ነው እላለሁ» አለች።

ብስክሌቱን እየገፉ ወደ ቤት ተመለሱ።

አባቷ በሩን ሲከፍት ክው አለ። «ምን ሆናችሁ?»

«ወንዙ ዳር አዳለጠኝና...» ጀመረች ኦሪያን።

ማኤሊ ዝም ብትል በቂ ነበር። ሎይክም አይናገርባትም፤ ለዚህ እንኳ ታማኝ ነው።

«እኔ ነኝ የላክኋት፣ አባዬ» አለች። «የሌለ ወንዝ እንድትፈልግ። ከተማውን ጠልታ እንድትሄድ ብዬ። እዚህ እንዳትቀር።»

አባቷ ሊሰጣቸው ያነሣውን ፎጣ እንደያዘ ቆመ። «ማን ነው የሚቀረው?»

«እኔ?» አለች ኦሪያን። «አያቴን ለማን ጥዬ? የነገ ጠዋቱ የመመለሻ ትኬቴ ከመምጫው ጋር አብሮ ነው የተቆረጠው።»