ደም ቀጂው

«ዳኛው የሚሉት ወጣት የጣሊያን ሎሌ ነው። የሐበሻን ደም በመርፌ እየቀዳ ለጌቶቹ ይሸጣል» ይሉ ነበር የጎንደር ቅዳሜ ገበያ ሰዎች።

«ዳኛው የንስሐ አባት የተጠራለትን ሰው ከመደብ አንሥቶ እርሻ ያዋለ ልጅ ነው» ይሉ ነበር ከወገራ የሚመጡት።

ሁለቱም ወገን ምሎ ነው የሚናገረው። ባንቺአየሁ ያመነችው የገበያውን ነበር። አባቷን አያ ካሴን ትኩሳት ሲጥላቸው ጣሊያኖች የያዙት የከተማው ሐኪም ቤት ያመጣቻቸው ሌላ ስፍራ አጥታ ነው።

ነጭ ካፖርት የለበሰ ቀጭን ወጣት መጣና የአባቷን ጣት ያዘ። በሌላው እጁ መርፌ አለ። እጁን ቀጨም አድርጋ ያዘችው።

«ደም ቀጂው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ለማን ነው የምትሸጠው?»

«ገዢ አጥቼ ተቸግሬያለሁ።»

አልሳቀችም። እሱም ይህን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ወባ ከሆነ ኪኒን ያድናቸዋል። ለቆ ዳግም የሚመለሰው ትኩሳት፣ ግርሻ ከሆነ ግን ኪኒን ከውሃ አይሻልም፤ ሌላ መድኃኒት አለው። ሁለቱም እንዲህ ያንቀጠቅጣሉ። የሚለያቸው ደሙ ነው።»

«እንግዲያው መጀመሪያ ከእኔ ቅዳ።»

«አንቺ ምንሽን ነው ያመመሽ?»

«ምንም። ከሞትኩ ግን አባቴን አትነካም።»

ዳኛው ፈገግ አለ። «ሸጋ። ለማነጻጸሪያ የጤነኛ ደም ፈልጌ የሚሰጠኝ አጥቼ ነበር።»

ከሁለቱም ጣት ቀዳ። ጣሊያኖቹ ምሳ በልተው ሲያሸልቡም በጓሮ በር ወደ መመርመሪያው ክፍል አስገባት፤ ሐበሻ የማጉያውን መነጽር እንዳይነካ ተከልክሏል። ዳኛው እስክንድርያ ሕክምና ሲማር ጦርነቱ ያቋረጠው ሰው ነው፤ እነሱ ግን ቁስል አጣቢ አድርገውታል።

በመነጽሩ ተመለከተች። የእሷ ደም ጸጥ ያለ ነው። በአባቷ ደም ውስጥ ግን እንደ ክር የተጠማዘዘ ነገር ይርመሰመሳል።

«ግርሻ ነው» አላት ቀስ ብሎ።

አያ ካሴ ዳኑ።

ከዚያ ወዲህ ዳኛው በእረፍት ቀኑ ወደ ወገራ መንደሮች ሲወጣ ባንቺአየሁ ከፊት ትቀድም ጀመር። በየደጁ ጣቷን ትዘረጋለች። «ይኸው፣ ከእኔም ቀድቷል። ሞቻለሁ?» ሴቶቹ ይስቁና እጃቸውን ይሰጡታል። እሱ ያክማል፤ እያከመም ይጠይቃል። ቅማሉን ለመግደል ልብሱን ያፈላ ቤትና ያላፈላ ቤት፣ ግርሻው የሚመለሰው በየትኛው ነው?

«ምነው አንድ ቀን እንኳ ስለ ትኩሳት ሳታወራ ብትውል?» አለችው መንገድ ላይ።

«ስለ ምን ላውራ?»

«ስለ እኔ።»

ቆም አለ። «ስለ አንቺ... ገና መርምሬ አልጨረስኩም።»

የሐኪም ቤቱ አለቃ ግን አንድ ቀን ከእንቅልፉ ቀድሞ ተነሣና ዳኛውን መነጽሩ ላይ አጎንብሶ አገኘው። ወደ ቢሮው ወሰደው። ወሬው ባንቺአየሁ ዘንድ የደረሰው «ዳኛው ከጌታው ጋር ተስማማ» ተብሎ ነው። አመሻሹ ላይ ቤቷ ሲመጣ ደጃፉ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ሰጠሃቸው?»

«ምን?»

«ስማችንን።»

ፊቱ ከሰለ። «አንቺም እንዲህ ታስቢያለሽ?»

«ከአፍህ ልስማው።»

«መነጽሩ የአንተ ይሁን፣ አስመራም ልኬ አስተምርሃለሁ አለኝ። ብቻ ደም የሰጡኝን ሰዎች ስምና መንደር ልንገረው፤ ልጆቻቸው ሸፍተዋልና። እምቢ ካልክ መነጽሩንም በሽተኛውንም አታይም አለ። ጣታቸውን የዘረጉልኝ አምነውኝ ነው ብዬ ካፖርቱን ጠረጴዛው ላይ ጥዬለት ወጣሁ።»

ባንቺአየሁ ከደጃፉ ገለል ብላ አስገባችው። «ይቅር በለኝ... አሁንስ ምን ታደርጋለህ?»

«ቆላ፣ ሳንጃ ወደሚባለው አገር እወርዳለሁ። እዚያ ያሉት አርበኞች ከጣሊያን የማረኩት መነጽር አለ፤ የሚያውቅበት አጥተው ልከውብኛል። እዚያ አክማለሁ፣ እዚያው እመራመራለሁ። ቁስል እጠብ እንጂ አትመራመር የሚለኝ ጌታ ከእንግዲህ የለኝም።»

አያ ካሴ የልጃቸውን ሐሳብ ከፊቷ አንብበው ከመደባቸው ቀና አሉ። «ልጄ፣ ቆላው በረሃ ነው፤ ጦርነትም አለ። እሱ ይሂድ፤ ሰላም ሲሆን መጥቶ ይወስድሻል።»

ዳኛው ሊናገር ሲል በእጇ አስቆመችው። መቀነቷን አጠበቀች።

«አባቴ፣ ትኩሳቱ ሰላም እስኪሆን አይጠብቅም። እኔም አልጠብቅም። ይመርቁን፤ ሚስቱ ሆኜ አብሬው እወርዳለሁ።»