ለኮኬሮስ የሚወረውር ማነው?

ማንጎ የዶሚኖ ጠጠሩን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ሲያላትመው፣ እግሩ ሥር ያንቀላፋችው ዶሮ ተነስታ ጓሮውን ዞረች።

«አምስት ለአምስት» አለ። «ያላችሁ ጣሉ፣ የሌላችሁ ጸልዩ።»

«ጠረጴዛዬን ብትሰብር ከደመወዝህ ነው የምቆርጠው» አለች ዶኛ ኤልቪራ።

«የቱ ደመወዝ? መጀመሪያ ይስጡኝና ይቁረጡት።»

ኖሬሊስ ሳቀች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ሁሉም በአክብሮት «ዶኛ» የሚላት ኤልቪራ እናቷ ናት። እናቷ ናጓ ከተማ ውስጥ የሚስማርና የቆርቆሮ መደብር ቢኖራትም፣ ሰው የሚያውቃት በኮኬሮስ ቤዝቦል ቡድን ፕሬዚዳንትነቷ ነው። የውድድሩ ወራት አልፈው የገና በዓል ሲቃረብ፣ ለመጪው ዓመት ማን እንደሚቀርና ማን እንደሚሰናበት የሚወሰነው በዚህ ጓሮ፣ በዚህ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። ወንበር ስቦ በቀጥታ ስለ ደመወዝ ማውራት እዚህ ሰፈር ነውር ነው። መጀመሪያ ዶሚኖ ይጫወታሉ። ቀጥሎ ይበላሉ። ከዚያ ዶኛ ኤልቪራ የወሰነችውን ትናገራለች፣ እጅ ይጨባበጣሉ፣ ከተጨባበጡ በኋላ ነገሩን የሚያፈርስ የለም።

«ግራ ሜዳ የሚጠብቀው ልጅ ቪዛ ወጥቶለታል» አለች ዶኛ ኤልቪራ፣ ጠጠሯን እያላተመች። «ቀላቢያችን ደግሞ አገባ።»

«ያገባ ሰው ኳስ አይቀልብም እንዴ?» አለ ማንጎ።

«ሚስቱ የሂጉዌይ ልጅ ናት። ወደዚያው ወሰደችው።»

«እግዜር ያጽናው።»

የእነዚህን ምትክ ማግኘት ቀላል ነበር። አብዛኛው ተጫዋች የሚሰጠው ማሊያ፣ ምሳና የአውቶቡስ ሒሳብ ብቻ ነው። ከባዱ የደመወዙ ጉዳይ ነው። የሊጉ ደንብ አንድ ቡድን ለሁለት ተጫዋቾች ብቻ እንዲከፍል ይፈቅዳል። አምና የተከፈላቸው ማንጎና ራዳሜስ ነበሩ፣ እኩል በእኩል። ዘንድሮ ግን ቡድኑን የሚደግፈው የአውቶቡስ ማኅበር ገንዘቡን በግማሽ ቀነሰ። የቀረው የአንዳቸውን ደመወዝ ብቻ የሚሸፍን ነው። ራዳሜስ ደግሞ ከአምናው አንድ ፔሶ ቢጎድል ኮቱይ ወደሚገኘው ቡድን እንደሚሄድ አስቀድሞ ተናግሯል።

ስለዚህ ደመወዙን የሚያጣው ማንጎ ነው። ስሙ ኤውሴቢዮ ቢሆንም በስሙ የሚጠራው ቄሱ ብቻ ነው። ወደ አርባ እየተጠጋ ነው፤ ጉልበቱ ሲታጠፍ ይንቋቋል። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ልጆች ሰብስቦ ኳስ የሚያስተምረው እሱ ነው፤ ኖሬሊስንም ያስተማራት እሱ ነው። ደመወዙ ከቀረ ባቫሮ ወርዶ ሆቴል ውስጥ ሣህን ሊያጥብ ነው። ይህን የተናገረው እየሳቀ ነበር፤ ማንም ግን አብሮት አልሳቀም።

ከኖሬሊስ ፊት ለፊት፣ የጨዋታ አጋሯ ሆኖ የተቀመጠው ራዳሜስ ነው፤ ሃያ ዓመቱ፣ ረጅም፣ በአካባቢው እንደ እሱ የሚወረውር የለም። ከጀርባው እህቱ ዮካይራ ቆማለች። ዮካይራና ኖሬሊስ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጡት።

ባለፈው ሳምንት ዶኛ ኤልቪራ መደብሩ ውስጥ ሚስማር እየመዘነች «ያ ወርዋሪ ልጅ እየተለማመደ ነው?» ብላ ጠይቃ ነበር። ኖሬሊስም «በየጠዋቱ ባሕሩ ዳር ይወረውራል» አለቻት። ይህን ለኖሬሊስ የነገረቻት ዮካይራ ናት። «እኔ ነኝ የምቀልብለት፤ መዳፌን እዪው፣ ቲማቲም መስሏል» ብላለች። እናቷ ከሚዛኑ ቀና ሳትል «አንቺ ካልሽ በቃ» አለች። ከዚያ በፊት በቡድኑ ጉዳይ የኖሬሊስን ቃል ተቀብላ አታውቅም። ኖሬሊስ ያን ቀን ቤቷ የገባችው ደረቷን ነፍታ ነው።

አሁን ጨዋታው ወደ መጨረሻው ደርሷል። ራዳሜስ እጅ ላይ አንድ ጠጠር ቀርታለች። በጠረጴዛው ላይ አንዱ ጫፍ ሦስት፣ ሌላው ጫፍ ስድስት ነው። ራዳሜስ ጠጠሩን ገለበጣት፤ ሦስትና ስድስት። በሁለቱም በኩል ትገባለች። ካፒኩአ ነው፤ ነጥቡም ይጨምራል፣ ክብሩም ይጨምራል።

ናጓ ውስጥ ካፒኩአ የያዘ ሰው መጀመሪያ ይነሳል። ወንበሩ ወደ ኋላ ይወድቃል። ጠጠሩን ጎረቤት እስኪሰማ ያላትማል። ቄሱ ራሳቸው ያላትማሉ።

ራዳሜስ ጠጠሩን እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው ቀስ አድርጎ አስቀመጣት።



«ምነው፣ ሕፃን እያስተኛህ ነው?» አለ ማንጎ።

«ትሕትና ነው» አለ ራዳሜስ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

ሁሉም ሳቁ፣ ራዳሜስም ሳቀ። ኖሬሊስ ግን የቀኝ ክርኑን ጎኑ ላይ አጣብቆ እንደያዘው አየች። ከዚያ ወደ ዮካይራ ቀና አለች። ዮካይራ ዶሮዋን እያየች ነበር፤ ዶሮዋ ላይ ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም።

«ምግቡን እናምጣ» አለች ኖሬሊስ።

ወጥ ቤት ውስጥ በኮኮናት የተሠራው ዓሣ እሳቱ ላይ ይንተከተካል። ኖሬሊስ በሩን በእግሯ ገፋ አደረገችው።

«መዳፍሽን አሳዪኝ።»

«ለምን?»

«ቲማቲም መስሏል ብለሽኝ ነበራ።»

ዮካይራ እጇን ከኋላዋ ደበቀች። ቀጥሎ ጭልፋውን አንስታ ወጡን ማማሰል ጀመረች፤ መማሰል የሚፈልግ ነገር አልነበረውም።

«ክርኑ አብጧል» አለች በመጨረሻ። «ሐኪሙ ከፋሲካ በፊት ኳስ እንዳትነካ ብሎታል።»

«ሊጉ እኮ በመጋቢት ነው የሚጀምረው።»

«መቁጠር እችላለሁ፣ ኖሬሊስ።»

«በምን አበጠ?»

ዮካይራ ጭልፋውን አስቀመጠች።

«ዮካ።»

«በኮኮናት።»

«ምን?»

«ከልጆቹ ጋር ተወራረደ። ያቺን ረጅሟን፣ ትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለችውን ዛፍ፣ ‹ኮኮናቷን ሳልወጣ በድንጋይ አወርዳለሁ› አለ። ሰውነቱን ሳያሟሙቅ፣ ምሳ በልቶ፣ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ድንጋይ ሲወረውር ዋለ።» ጭልፋውን እንደገና አነሳች። «ኮኮናቱን ግን አወረደው።»

ኖሬሊስ ልትስቅ ስትል አፏን ያዘች። ዮካይራም ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አይታወቅም።

«ዘንድሮ ካልተመዘገበ የትኛው መልማይ ያየዋል?» አለች ዮካይራ። «ሃያ ዓመቱ ነው። እዚህ አገር የሃያ ዓመት ወርዋሪ ሽማግሌ ነው። ከተጨባበጡ በኋላ ይድናል፣ ማንም ሳያውቅ ያልፋል። ምንም አትበይ። ምንም ብቻ አትበይ፣ ሌላ ነገር አልለምንሽም።»

«እኔ እኮ ለማሚ ነግሬያታለሁ። በየጠዋቱ ይወረውራል ብያታለሁ።»

«ስለዚህ መናገር አያስፈልግሽም። አንዴ ተናግረሻል።»

ነገሩ ሲሰማ ቀላል ነበር። ኖሬሊስ ሣህኖቹን ደረቷ ላይ ደርድራ ስትወጣ ግን ከበዷት። ሄዳ ሁሉን ብትናገር የጓደኛዋን ምስጢር ጓሮ ሙሉ ሰው ፊት ማውጣቷ ነው። ዝም ብትል ማንጎ ባቫሮ ሣህን ያጥባል፣ እናቷም ለማይወረውር ወርዋሪ ትከፍላለች፤ ያውም በእሷ ቃል ተማምና። ደግሞስ እሷ ማን ናት? ሐኪሙም ሊሳሳት ይችላል። ክርኑ በየካቲት ቢድንስ? ራሷን ጠየቀች፣ ለራሷ መለሰች፣ መልሱንም አላመነችውም።

ዓሣው ተበላ። ሩዙ ተበላ። ማንጎ የተጠበሰውን ሙዝ ከኖሬሊስ ሣህን እየሰረቀ «አንቺ ገና ታድጊያለሽ፣ ምግብ አያስፈልግሽም» ይላታል። ራዳሜስ በግራ እጁ ይበላል። ከዚያ ዶኛ ኤልቪራ እጇን በጨርቅ ጠርጋ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አደረገች። ሰዓቱ ደርሶ ነበር።

«ማንጎ፣ አንተ ሳትኖር ያሳለፍነው ዓመት የለም» አለች። «ነገር ግን ያለ ወርዋሪ ቡድን የለም። ልቤ ሌላ ይላል፣ ገንዘቡ ሌላ ይላል።»

«ይገባኛል፣ ዶኛ» አለ ማንጎ። ሙዙን ሣህኑ ላይ መለሰው።

ዶኛ ኤልቪራ ወደ ራዳሜስ ዞረች፣ እጇንም ግማሽ ድረስ ዘረጋች። ከዚያ ቆም አለች፤ መደብር ውስጥ ገንዘብ ከመቀበሏ በፊት ኖቱን ብርሃን ላይ እንደምታየው።

«በየጠዋቱ ይወረውራል፣ አይደል ኖሬሊስ? አንቺ ነሽ የነገርሽኝ።»

ዮካይራ ከወንድሟ ወንበር ጀርባ ሆና ኖሬሊስን አየቻት። አልለመነቻትም፣ አልተቆጣችም። 

«ሰምቼ ነው የነገርኩሽ፣ ማሚ» አለች ኖሬሊስ። ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ቀጠነባት። «ሲወረውር አላየሁም። ሳላይ እንዳየሁ አድርጌ ነው ያወራሁት።»

ሌላ ምንም አልጨመረችም።

የዶኛ ኤልቪራ እጅ አየር ላይ ቀረ። ራዳሜስ የተዘረጋውን እጅ አየ፣ እህቱን አየ፣ ጠረጴዛው ላይ የተበተነውን ዶሚኖ አየ። ኳስ ሳይወረውር የተሸነፈ ሰው ይመስል በረጅሙ ተነፈሰ።

«እስከ ፋሲካ መወርወር አልችልም፣ ዶኛ። ክርኔ ነው።»

«በምን?»

ነገራት። ስለ ውርርዱ፣ ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ዛፉ። ሲጨርስ ዶኛ ኤልቪራ የዘረጋችውን እጅ ሰበሰበች።

«ትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለችው ዛፍ?»

«አዎ።»

«ረጅሟ?»

«ረጅሟ።»

«ኮኮናቱ ወረደ?»

«ወረደ፣ ዶኛ።»

ማንጎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። መጀመሪያ የፈነዳው የእሱ ሳቅ ነው፤ ከዚያ ዶኛ ኤልቪራ፣ ከዚያ ራዳሜስ ራሱ።

«እኔማ ካወቅኩ ሰንብቻለሁ» አለ ማንጎ ዓይኑን እየጠረገ። «ከሳምንታት በፊት በግራ እጁ ሰላም ሲለኝ ገባኝ።»

ዶኛ ኤልቪራ ሳቋን አቆመች። «ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? ‹የልጁ ክርን ተበላሽቷል፣ ገንዘቡን ለእኔ ይስጡኝ› ልበል? እንደዚያ ብዬ ከማገኘው ደመወዝ የሆቴል ሣህን ይሻለኛል።»

ዶኛ ኤልቪራ አንዴ እሱን፣ አንዴ ራዳሜስን እያየች ቆየች። ሒሳብ ስትሠራ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

«ስማ፣ ራዳሜስ። ስምህ ይመዘገባል። ደመወዝህ ግን መወርወር የጀመርክ ቀን ይጀምራል። እስከዚያ ገንዘቡ የማንጎ ነው። ከዚያ በኋላ ለሁለት ትካፈላላችሁ። ላልተስማማ ሰው ኮቱይ ቅርብ ነው።»

«እስከዚያ ምን እሠራለሁ?»

«አንደኛው ቤዝ አጠገብ ቆመህ ለሯጮቹ ‹ሩጡ› እያልክ ትጮሃለህ። ለመጮህ ክርን አያስፈልግም።»

ራዳሜስ ግራ እጁን ዘረጋ።

«በግራ አልጨብጥም» አለች ዶኛ ኤልቪራ። «ቀኝህን አምጣ። ቀስ ብለህ።» እጁን ተቀብላ በሁለት መዳፏ መሃል ያዘችው፣ ሳትነቀንቀውም ለቀቀችው።

ማንጎ ጠጠሮቹን እየገለበጠ ሌላ ዙር ማዘጋጀት ጀመረ። የሚቀጥለውን ቀላቢ ስም እየጠሩ፣ ያንንም ሚስት ትወስደዋለች እየተባባሉ ይሳሳቁ ነበር። ዮካይራ ግን የበላችበትን ሣህን ወጥ ቤት አስገብታ፣ ለማንም ደህና ዋሉ ሳትል፣ በጎን በር ወጣች። ኖሬሊስ ተከትላት ወጣች።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የለመንኩሽ» አለች ዮካይራ ሳትዞር።

«ስላንቺ ምንም አላልኩም።»

«እሱ ነው የሚያናድደኝ። ሙሉውን ብትናገሪ ኖሮ እጠላሽ ነበር፣ በቃ ይገላግለኝ ነበር። አሁን ምን ልሁን?»

ኖሬሊስ ከጎኗ ቆመች። «ቤት ድረስ ልሸኝሽ» አለች።

«መንገዱን አውቀዋለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ላወራሽ አልፈልግም።»

«አታውሪኝ።»

ዮካይራ መንገዱን ጀመረች። ሞተር ሳይክል አቧራ አስነስቶ በመሃላቸው አለፈ፤ አንድ ሰው ከበረንዳ ሆኖ ሰላም አላቸው፣ ሁለቱም በየፊናቸው መለሱ። ዮካይራ ፈጠን ስትል ኖሬሊስም ፈጠን አለች። ጥጉ ጋ ሲደርሱ ዮካይራ ዞር ብላ አየቻትና እንደገና መራመድ ጀመረች፤ አሁን ግን ቀስ ብላ።