ተጠባባቂው ሲገባ

የሲያትል የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ኮከብ ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ሜዳው ላይ ሲወድቅ በቴሌቪዥን የምታየው ሂያብ ከሶፋው ብድግ አለች። ጨዋታው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ቀርቶታል፤ ቡድኑ በአራት ነጥብ ተበልጧል፣ ያውም በገዛ ሜዳው።

«አሁን ማን ሊገባ ነው?» አላት አባቷ ዑቕባሚካኤል። ኤርፖርት ስለሚሠራ እሑድ ቤት የሚውለው አልፎ አልፎ ነው።

«ካርል ዊትከር» አለች።

ካርልን ታውቀዋለች። ለትምህርት ቤቷ ጋዜጣ ኮከቡን ቃለ መጠይቅ ልታደርግ ቀጠሮ ይዛ፣ ሐሙስ ዕለት ተማሪው ሁሉ ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ በኮከቡ ፈንታ ትምህርት ቤቷ የመጣው ተጠባባቂው ካርል ነበር። ሁለት ቡድኖች እንዳሰናበቱት፣ አንድ ዓመት መጋዘን ውስጥ ሣጥን ሲጭን እንደከረመ፣ በስድስት ዓመት ውስጥ ኳስ ይዞ የሮጠው ሠላሳ አንድ ጊዜ ብቻ እንደሆነ ሳያፍር ነገራት። ለምን እንዳልተወው ስትጠይቀው፣ በየሳምንቱ የሚገባ መስሎት እንደሚዘጋጅ ነገራትና ሳቀ።

የጋዜጣዋ አዘጋጅ ጓደኛዋ ጽገረዳ ግን አልተደሰተችም። «ሶ፣ ኮከቡ መጣ ብለን እንጻፋ። ማን ቼክ ያደርጋል?» አለቻት። ጽሑፉ የሚወጣው የፊት ገጽ ላይ ነው። ሂያብም የመጋዘኑንና የሠላሳ አንዱን ነገር ቆርጣ አውጥታ፣ የቀረውን የካርል ንግግር በኮከቡ ስም ጻፈችው። ሰኞ ጠዋት ይታተማል።

ቴሌቪዥኑ ላይ ካርል ኳሱን ተቀበለ። ሦስት ሰዎች ተከመሩበት። ተነሣ። እንደገና ተቀበለ፤ አሁን ጥቂት ርምጃ ገፋ። በሦስተኛው በሁለት ግዙፍ ተከላካዮች መሀል ሾልኮ ወጣ። ስታዲየሙ አንድ ላይ ተነሣ። ሂያብ የአባቷን ክንድ ጨምድዳ ያዘች። ሃያ ያርድ፣ ሠላሳ፣ አርባ... አንዱ ከኋላ ደርሶ እግሩን ሲይዘው ካርል ከጎሉ መስመር አንድ ርምጃ ሲቀረው ወደቀ።

በሚቀጥለው ሙከራ ሌላ ተጫዋች ኳሱን ይዞ መስመሩን ዘሎ ገባና ስድስት ነጥብ አስቆጠረ። ቡድኑ አሸነፈ። ሂያብና አባቷ ተቃቅፈው ዘለሉ። ካሜራው ያስቆጠረውን ሰውዬ ብቻ ይከተላል፤ ጨዋታውን የሚያስተላልፈው ጋዜጠኛም ደጋግሞ የሚጠራው የእሱን ስም ነው።

«ያኛው እኮ ነው እዚያ ድረስ ያደረሰው» አለ አባቷ፣ ትንፋሹን እየሰበሰበ። «ማን ነበር ያልሽኝ ስሙን?»

«ካርል ዊትከር» አለች ሂያብ፤ ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ ለጽገረዳ ስልክ ደወለች። ጽሑፉን ወደ ማተሚያ እንዳትልከው፣ ዛሬውኑ እንደ አዲስ እንደምትጽፈውና ማን እንደመጣ በትክክል እንደምትናገር ነገረቻት።

«እንግዲያው የመጨረሻው ገጽ ላይ ነው የሚወጣው፣ ኦኬ?» አለች ጽገረዳ።

«ኦኬ» አለች ሂያብ።