የአራተኛው ገንዳ ዓሦች

የዓሣ ምርምር ጣቢያው ኃላፊ በሦስተኛውና በአራተኛው ገንዳ መካከል በጀርባው ተንጋሎ ሞቶ ተገኘ። ወድቆ ጭንቅላቱን የሲሚንቶው ጠርዝ መትቶታል። መርማሪዋ ስትደርስ ታናሽ ወንድሙ በካቴና ታስሮ የመኖ ከረጢት ላይ ተቀምጧል። መኖ የሚቀምመው እሱ ነው፤ ዓሣ እያወፈረ ራሱ አልወፍር ስላለ ሁሉም «ቀጮ» ይለዋል። ትናንት ወንድሙ ዓሦቹ ሰቡ፣ መኖውን አበላሸህብኝ ብሎ ሲጮህበት ዘበኛው ሰምቷል። ለፖሊሶቹ ይህ በቂ ነበር፤ ቀጮን የሚወስደው መኪና በር ላይ ቆሟል።

«ገድለኸዋል?» አለችው መርማሪዋ።

«ጋሼን? እናታችን ስትሞት በጀርባው አዝሎ ያሳደገኝን ሰው?» አለ ቀጮ።

መርማሪዋ መኪናው ትንሽ እንዲጠብቅ አዘዘችና ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። የቀኝ እጅጌው ጫፍ ላይ ነጭ፣ የተጣበቀ ነገር ደርቋል። ጎንበስ ብላ አሸተተችው።

ዘበኛው ከውጭ በር አልራቀም፤ ጠዋት በግቢው ውስጥ ከቀጮ ሌላ የነበሩት የሟች ሚስትና ዶክትሬቷን እዚያ የምትሠራ ተማሪ ብቻ ናቸው። የተማሪዋ ዓይን በልቅሶ አብጧል፤ ስለ ዓሦቹ ስትናገር ግን ድምጿ ረጋ ይላል። የሁለቱ ገንዳዎች ዓሦች ከአንድ በርሜል በማሽን የሚወርድ አንድ ዓይነት ስስ መኖ ይበላሉ አለች። የሚለያዩት በዘረመላቸው ነው፤ የሦስተኛው ለመራባት ቶሎ የሚደርሱ፣ የአራተኛው ደግሞ የሚዘገዩ ናቸው።

«ታዲያ የሚወስነው ዘሩ ብቻ ነው?»

«አይደለም። ዘሩ ‹ይህን ያህል ስብ ስትይዝ ድረስ› ይላል እንበል። የሚዘገዩት ብዙ ስብ ይፈልጋሉ። በዚህ መኖ የሦስተኛው እንኳ ገና አልደረሱም፤ የአራተኛውማ ሩቅ ናቸው።»

«የሰባ መኖ ቢያገኙስ?»

«ይደርሳሉ። ያኔ የእኔም ሥራ ገደል ገባ።»

ሚስትየው ውሃ የሚመረምሩበት ጠረጴዛ አራተኛው ገንዳ ጥግ ላይ ነው። ለሚጠየቁት ሁሉ በአጭሩ መለሱ። ከብርጭቆዎቹ መካከል የአንዲት ትንሽ ልጅ ፎቶግራፍ ቆሟል። አንድ ልጃቸው እንደነበረች፣ አንጀቷን ታማ እንደሞተች፣ በመጨረሻ ሐኪሞቹ ምግብ እንደከለከሏት ተናገሩና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። መርማሪዋ ወደ ገንዳዎቹ ተመለሰች።

ተማሪዋን ከሁለቱም ገንዳዎች ዓሣ አውጥታ ሆዳቸውን ጫን ጫን እንድታደርግ ጠየቀቻት። ከዚያ ቀጮን፣ ተማሪዋንና ሚስትየውን ተራ በተራ ወደ አራተኛው ገንዳ አስጠጋቻቸው። ሲጨርሱ ሁሉንም እዚያው ሰበሰበች።

«እጅጌው ላይ ያለው የወንዴ ዓሣ የዘር ፈሳሽ ነው» አለች። «ከመሞቱ በፊት አንድ ዓሣ አውጥቶ ሆዱን ጨምቋል። ከሦስተኛው ገንዳ የደረሰ ዓሣ አላገኘንም። የአራተኛው ግን ገና ሲነካ ይፈሰዋል። የበርሜሉ መኖ ተበላሽቶ ቢሆን ቀድመው የሚደርሱት የሦስተኛው ነበሩ። ስለዚህ ቀጮ ንጹሕ ነው። ወንድሙም ይህን ዛሬ ጠዋት አውቋል። አንድ ሰው አራተኛውን ገንዳ ብቻ በድብቅ ይመግባል።»

«ተማሪዋስ?» አለ ፖሊሱ።

«የገዛ ሥራዋን? እሷ ስትጠጋ ዓሦቹ ወደ ታች ሸሹ። ቀጮም ሲጠጋ ሸሹ። መኖ የሚወርድላቸው ከማሽን ነውና ሰው አያውቁም።» መርማሪዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አንድ ሰው ሲጠጋ ግን አፋቸውን ከፍተው ወጡ።»

ማንንም አላየችም፤ ወለሉን ነበር የምታየው።

«ባሌ እነዚህ ልጅ ሆነው ነው የሚቆዩት ይለኝ ነበር» አሉ ሚስትየው። «ቀኑን ሙሉ የገንዳውን ባዶ ወለል ሲለቅሙ አያለሁ። ልጄ ‹እማ፣ እርቦኛል› ስትለኝ ሐኪሞቹን ሰምቼ ከለከልኳት። ሁለተኛ አልቻልኩም። ለሌሎቹ ገንዳዎች ከሚሰጠው የሰባ መኖ እየቆነጠርኩ ሰጠኋቸው።»

የቀረውን ቀስ ብለው ተናገሩ። ባላቸው ዓሣውን ይዞ መጥቶ አንቺ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቃቸው። አልካዱም። ወንድሜን በከንቱ አዋረድኩት እያለ፣ እያለቀሰ ክንዳቸውን ጨብጦ ወደ ቀጮ ሊወስዳቸው ጎተታቸው። እጃቸውን መነጨቁ። ወለሉ እርጥብ ነበር፤ ተንሸራቶ ወደቀ። ሲጣሩ አልመለሰላቸውም። ከዚያ ቀጮን ሲያስሩት ቆመው አዩ፤ አፋቸው ግን አልከፈት አለ።

ፖሊሱ የቀጮን እጅ ፈታ። ቀጮ ባዶ እጁን አያይም፤ የሚያየው የወንድሙን ሚስት ነው።

«እትዬ፣ ለእኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? እኔው አደርግልሽ ነበር።»

«ከሥራ እንዳያባርርህ ብዬ ነው» አሉት።

ሊስቅ ይሁን ሊያለቅስ ያልለየለት ድምፅ ከጉሮሮው ወጣ። ወደ መኪናው ሲወስዷቸው ከኋላ ተከተለ። ፖሊሱ አንተ ነፃ ነህ፣ ወደ ቤትህ ሂድ አለው።

«ቤት ማን አለ?» አለ ቀጮ። «የቀረችኝ እሷ ናት።»

መርማሪዋ ፖሊሱን በዓይኗ ዝም አሰኘችውና ሌላኛውን በር ከፈተችለት።