የሸምበቆ ፓስወርድ ጠባቂ

«በሉ እዩት!»

ድንቢጥ ራሷ በሠራችው ፕሮግራም ላይ የትምህርት ቤታቸውን ድረ ገጽ አድራሻ ጽፋ ቁልፉን ስትጫን፣ የኮምፒውተር ክበቡ ልጆች ከየወንበራቸው ተነስተው ከኋላዋ ተደራረቡ። ስክሪኑ ለአፍታ ቆየና ያወቀውን ሁሉ ዘረገፈው። ገጹ በምን ፕሮግራም እንደተሠራ፣ ምን ዓይነት ሰርቨር ላይ እንደተቀመጠ፣ ጎብኚዎቹን በምን እንደሚቆጥር አንድም ሳይቀር ወጣ።

«ኧረ ይሄ ነገር የሰው ጓዳ ነው እንዴ የሚገባው!» አለ አንዱ።

«ጓዳ አይገባም። ከውጭ የሚታየውን ብቻ ነው የሚያነበው» አለች ድንቢጥ ኩራቷን ለመደበቅ እየሞከረች። አልተደበቀላትም። ድንቢጥ የሚለው ስም በቁመቷ ማጠር የወጣላት ቢሆንም፣ በዚያች ደቂቃ ግን ጣሪያ የነካች መስሏት ነበር።

ቀጥሎ የሸምበቆ ተራ ሆነ። ሸምበቆ ረጅምና ቀጭን ነው፤ ከድንቢጥ ጋር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አልተለያዩም። ለብቻቸው ሲሆኑ ወሬው አያልቅም፣ ሰው ፊት ሲቆም ግን ድምፁ ይከዳዋል።

«ይሄ... ፓስወርድ ይይዛል» አለ። «አንድ ዋና ፓስወርድ ታስታውሳላችሁ፣ ሌላውን እሱ ያስታውስላችኋል። በቃ።»

ስክሪኑ ላይ የሚታየው አንድ ሳጥንና አንድ ግራጫ ቁልፍ ብቻ ነበር። ማንም ከወንበሩ አልተነሳም።

የክበቡ መምህርት እጃቸውን አጨበጨቡ። «በሚመጣው ኤግዚቢሽን የተሰጠን ጠረጴዛ አንድ ነው፤ የምናቀርበውም አንዱን ነው። ሁለቱንም ወደ ቤት ውሰዱና ስለ ኮምፒውተር ብዙ ለማያውቅ ሰው አሳዩ። ነገ ከሰዓት እጅ አውጥተን እንመርጣለን።»

ድንቢጥ የነገውን ውጤት ከወዲሁ ታውቀው ነበር።

ከትምህርት ቤት እንደወጣች በቀጥታ አክስቷ ፀጉር ቤት ሄደች። አክስቷ የአንዲት ደንበኛ ፀጉር እየጠቀለለች ነበር፤ ሌላዋ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ተቀምጣ ታንጎላጃለች።

«አክስቴ፣ የድረ ገጽሽን ሚስጥር ላሳይሽ?» አለች ላፕቶፗን ከፍታ።

«ደግሞ ምን ሚስጥር አለው? ቀጠሮ መያዣ ነው» አለች አክስቷ፣ ግን አንገቷን ሰገግ አድርጋ አየች። ድንቢጥ አንድ በአንድ አስረዳቻት። አክስቷም እየሰማች «ውይ! ጉድ እኮ ነው! የኔ ጎበዝ!» ስትል ቆየችና፣ «እና አሁን ምን ላድርግ?» ብላ ጠየቀች።

«ምንም። ማለቴ... ማወቁ ራሱ ጥሩ ነው» አለች ድንቢጥ።

«እሺ፣ አወቅኩ» አለችና አክስቷ ወደ ፀጉሩ ተመለሰች። «ይሄን ሁሉ የሚያውቅ ከሆነ ፓስወርዴንስ አያውቅልኝም? ረስቼው ቀጠሮ መያዣው ከትናንት ጀምሮ አላስገባም ብሎኛል። ነገ የሚመጣው ማን እንደሆነ አላየሁም። ሙሽራ ከነሚዜዎቿ ትምጣ፣ ሕፃን ልጅ ፀጉሩን ሊቆረጥ ይምጣ፣ እግዜር ነው የሚያውቀው።»

ድንቢጥ ሳቋን ዋጥ አድርጋ የአክስቷን ስልክ ተቀበለች። በስልኩ በመጣ ኮድ ገብተው አዲስ ፓስወርድ አወጡና ለሙከራ በድንቢጥ ላፕቶፕ ላይ ባለው የሸምበቆ ፕሮግራም ውስጥ አስቀመጡት። አክስቷ ዋናውን ፓስወርድ ደንበኞቹ እንዳይሰሙ በጆሮዋ ሹክ አለቻት፤ «ፀጉሬንተዉልኝ» የሚል ነበር። ከዚያ የኢሜይሏን ጨመረች፣ የፌስቡኳን ጨመረች፣ ትዝ ያላትን ሁሉ እየጠራች አስገባች። የነገውም ቀጠሮ ተገለጠ። እውነትም ሙሽራ ነበረች፤ ያውም ማልዳ የምትመጣ።

«ይሄን የሠራው ልጅ ይባረክ!» አለች አክስቷ። «እንዲህ ያለውን ነገር እስከ ዛሬ የት ደብቃችሁት ነው?»

ድንቢጥ ደስ አላት፣ ቅር ቅርም አላት። ለእሷ ፕሮግራም ማንም ይባረክ አላለም።

ቤት ስትደርስ ማንኛውንም ነገር ፈታትቶ የማየት አመሏ ተነሳባት። የሸምበቆ ፕሮግራም ፓስወርዶቹን የሚያስቀምጥበትን ፋይል ፈልጋ ከፈተችው። የመጀመሪያው መስመር ላይ፣ እንደ ጋዜጣ ርዕስ ፍንትው ብሎ፣ «ፀጉሬንተዉልኝ» ይላል።

መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ከአፏ ላይ ጠፋ። ከሥሩ የኢሜይሉም፣ የፌስቡኩም፣ ሁሉም እንዳለ ይነበባል። በሩ ላይ ትልቅ ቁልፍ ተንጠልጥሏል፣ ቤቱ ግን ግድግዳ የለውም። ያንን ላፕቶፕ የከፈተ ሰው ሁሉ የአክስቷን ሕይወት ይዞ መሄድ ይችላል።

ፋይሉን አጠፋችና ለአክስቷ ደውላ ሁሉንም ፓስወርዶች በስልኳ ላይ አስቀየረቻት። ስልኩን ስትዘጋ አንድ ሐሳብ መጣባት። ነገ በክበቡ ፊት «እስቲ ፋይሉን ክፈቱት» ብትል በቃ። ጨዋታው ያልቃል። ደግሞ ውሸት አይደለም፤ እውነት ነው። ይህን እያሰበች ራቷን በላች፣ ምን እንደበላች ግን አላወቀችም።

ጠዋት ሸምበቆ የትምህርት ቤቱ በር ላይ እየሳቀ ጠበቃት። «እናቴ ወደደችው! አንቺ ታሸንፊኛለሽ፣ አውቃለሁ፤ ግን እናቴ ወዳዋለች!»

ድንቢጥ ክንዱን ይዛ ወደ ዳር ወሰደችው። ላፕቶፗን ከፍታ የራሷን የሙከራ ፓስወርድ አስገባች፤ ከዚያ ፋይሉን አሳየችው። ሸምበቆ ጎንበስ ብሎ መስመሮቹን አነበበ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ይሄ ለማንም ሰው ይነበባል?»

«ለማንም።»

«ታዲያ ለምን አሁን ነገርሽኝ? ክፍል ውስጥ ብትዪው ኖሮ እኮ...»

«አውቃለሁ። አታካብድ አሁን። ኮምፒውተር ክፍሉ ክፍት ነው፣ ና።»

በየእረፍቱ እየሮጡ ሠሩ። ብዙዎች የፈተኑትንና የሚያምኑበትን፣ ጽሑፉ እንዳይነበብ የሚያደርግ የምስጠራ ኮድ አስገቡበት፤ ዋናው ፓስወርድ ካልገባ በቀር ምንም የማይፈታ አደረጉት። በመጨረሻ ፋይሉን ሲከፍቱት ድመት ኪቦርድ ላይ ተኝታ ያደረች ይመስል ነበር። ሸምበቆ እስኪያነባ ሳቀ። ድንቢጥም ሳቀች፤ ምሳዋን አለመብላቷ ትዝ ያላት ያኔ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሸምበቆ ማንም ሳይጠራው ተነሳ። «ትናንት ያሳየኋችሁ ፕሮግራም ትልቅ ስህተት ነበረው» አለ፤ ድምፁ ቢንቀጠቀጥም ተሰማ። «የሚያስቀምጠው ሁሉ ለማንም ይነበብ ነበር። ድንቢጥ ናት ያገኘችው። አብረን አስተካክለነዋል፤ ግን ትናንት ያስገባችሁትን ፓስወርድ በሙሉ ቀይሩ። ይቅርታ።»

«ወይኔ! እኔ የእህቴን ሁሉ አስገብቻለሁ፣ ዛሬ ትገድለኛለች!» አለ አንዱ ልጅ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

መምህርቷ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁና እጅ አስወጡ። ሁለት ልጆች ለድንቢጥ አወጡ። ሸምበቆና የእህቱን ፓስወርድ ያስገባው ልጅ ለፓስወርድ ጠባቂው አወጡ። የቀረችው ድንቢጥ ብቻ ነበረች።

«ድንቢጥ?»

ስክሪኗ ላይ የተከፈተውን ፕሮግራሟን አየችው። አሁንም ትወደዋለች፤ አሁንም ከሠራችው ሁሉ የሚያምረው እሱ ነው። ቀስ ብላ ስክሪኑን አጠፋች።

«ለሸምበቆ» አለችና እጇን አወጣች።

ሸምበቆ የተሳሳተች መስሎት ዞሮ አያት። መምህርቷ ፈገግ ብለው፣ «እንግዲህ ለጎብኚዎቹ ማን ያስረዳል?» አሉ።

«እሷ!» አለ ሸምበቆ ፈጥኖ። «እኔ በፍጹም!»

ድንቢጥ ወንበር ስባ ከፊት ለፊቱ ተቀመጠችና እግሯን አነባብራ፣ ጎብኚ ሆና እንደ ትልቅ ሰው ጉሮሮዋን ጠረገች።

«በል ጀምር ልጄ» አለችው። «እኔ ዝናብ ሲይዘኝ ለመጠለል የገባሁ ሰው ነኝ። ፓስወርድ የሚባለውንም ሰምቼ አላውቅ። ደግሞ ጆሮዬ ትንሽ ይከብደኛል፤ ጮክ ብለህ ንገረኝ።»